የኬጂ ልጆችን በነፍሳት ማስተማር፦ ከመጀመሪያው ፍለጋ እስከ መልቀቁ፣ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ኬጂ ውስጥ "የነፍሳት ሳምንት" ሲባል ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፣ ፕሪንት የተደረገ ቢራቢሮ ይታደላል፣ ልጆቹ ከለር ይቀባሉ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ከለር በመቀባት አልከራከርም፣ ግን የ4 ዓመት ልጅ ከዛ ወረቀት ስለ ቢራቢሮ የሚያገኘው ነገር በጣም ትንሽ ነው፣ ጭራሽ አንዳንዱ ወረቀት ላይ ያለችው ቢራቢሮ የሰው ፊት ያላትና 4 እግር ያላት ናት። አንድ በህይወት ያለ ጥንዚዛ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡ ግን ማንም ሳይጠራቸው ልጆቹ ይሰበሰባሉ፣ ከዛ በኋላ ቁጥሩንም ቋንቋውንም ሳይንሱንም ከሱ ላይ እየመዘዛችሁ ማስተማር ነው።

ስለዚህ የኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ማየት፣ ከዛ መቁጠር፣ ከዛ ማሳደግ፣ እጅ ሥራው ሁሌም ካዩ በኋላ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ነው የጻፍኩት፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የምታስተምሩም ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አትሞክሩ፣ ማሳደጉን ከጨመራችሁ ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል፣ ግን በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ደረጃ 1፦ ከልጆቹ በፊት የራሳችሁን ነገር ጨርሱ

በረሮ አይታችሁ ወንበር ላይ የምትወጡ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስቡበት። ልጆች ነፍሳቱን ከማየታቸው በፊት የእናንተን ፊት ነው የሚያዩት፣ ቲቸር ከጮኸች ክፍሉ በሙሉ ይጮሀል። በእጅ መያዝ ግዴታ አይደለም እኮ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይዛችሁ ረጋ ባለ ድምፅ "እስኪ ምን እያደረገ ነው?" ማለት ይበቃል። ጭራሽ የማትችሉ ከሆነ ከረዳት መምህሯ ጋር ተነጋገሩና የመያዙን ሥራ እሷ ትውሰድ፣ እናንተ ጥያቄውን ጠይቁ።

ከዛ ለወላጆች አጭር መልዕክት ላኩ፣ ሁለት ነገር ነው የምትጠይቁት። አንደኛ ልጁ የንብ ወይም የተርብ ንድፊያ አለርጂ አለበት ወይ፣ ሁለተኛ ነፍሳትን ከልክ በላይ የሚፈራ ልጅ ነው ወይ። የመጀመሪያውን በጽሁፍ ተቀበሉ፣ የቃል መልስ ይረሳል። አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ መድኃኒቱ ለፍለጋ ስትወጡ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር፣ አብሯችሁ መውጣት አለበት።

ዕቃው ብዙ አይደለም። የሚያሳዩ ፕላስቲክ ዕቃዎች ክዳናቸው የተበሳሳ፣ ሁለት ሦስት አጉሊ መነጽር (ከፕላስቲክ የተሠራ ይሁን፣ መስታወት መውደቁ አይቀርም)፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ አንድ ነጭ አንሶላ፣ ወረቀትና ፕላስቲሲን። ብሩሹ ለምን መሰላችሁ፣ የልጅ ጣት ጉንዳን ሲያነሳ ይጨፈልቃል፣ በብሩሽ ጫፍ ቀስ ተብሎ ወደ ዕቃው ሲገፋ ግን ምንም አይሆንም፣ በዛ ላይ ብሩሽ አያያዙ ለኋላ የእርሳስ አያያዝ ጣታቸውን ያለማምዳል።

ደረጃ 2፦ ሳታስተምሩ በፊት አስሏቸው

ይሄን የሚዘሉት መምህራን ብዙ ናቸው፣ እናንተ እንዳትዘሉት። ምንም ሳትናገሩ፣ ምንም ስዕል ሳታሳዩ ለእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ስጡና "አንድ የምታውቁትን ነፍሳት ሳሉልኝ" በሉ። አንዱ ክብ ሠርቶ ዙሪያውን በሙሉ እግር ይሞላዋል፣ አንዷ ሸረሪት ትስላለች፣ አንዱ እባብ ስሎ "ትል ነው" ይላል። አታርሙ። ስትሰበስቡ ልጁ ያላችሁን ከጀርባው ጻፉ፣ ስምና ቀን ጨምሩበት፣ አስቀምጡት። ከ3 ሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ስትደግሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ታደርጓቸዋላችሁ፣ ልጁ ምን እንደገባው ከየትኛውም ፈተና በላይ እሱ ይነግራችኋል፣ ለወላጅም የሚታይ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ ፍለጋ መውጣት

ግቢ ውስጥ ትንሽ ሳር፣ አንድ ቁጥቋጦ፣ አንድ ሁለት ድንጋይ ካለ ይበቃል፣ ጫካ አያስፈልግም። ፀሐይ ትንሽ ስታሞቅ ውጡ፣ በጣም በማለዳ ሲበርድ አብዛኞቹ ነፍሳት ፈዘው ይደበቃሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ልጆቹ ይነጫነጫሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት 3 ሕግ አስይዟቸው፣ ከ3 በላይ አታድርጉ፦ በዓይን እናያለን፣ ቀስ እንላለን፣ ያነሳነውን ወደ ቦታው እንመልሳለን። ሦስተኛው ለድንጋይም ይሠራል፣ ድንጋይ ሲገለበጥ ሥሩ የነበሩት በሙሉ እርጥበታቸውንና ጥላቸውን ያጣሉ፣ አይተን ስንጨርስ ድንጋዩን እንደነበረ መመለስ ነው። ድንጋይ የሚገለብጠው ግን አዋቂ ብቻ ይሁን፣ ሥሩ ምን እንዳለ አይታወቅም።

ትልቁ ዘዴ ነጭ አንሶላው ነው። ከቁጥቋጦው ሥር ታነጥፉና ቅርንጫፉን ሁለት ሦስቴ ነቅነቅ ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ዝም ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። መጀመሪያ ቅጠልና ቆሻሻ ብቻ ነው የሚመስለው፣ ልጆቹም "ምንም የለም!" ይላሉ፣ ከዛ ከቆሻሻው መሀል አንዷ ነጥብ መሄድ ትጀምራለች፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ አንዷ ትዘላለች፣ አንድ የደረቀ እንጨት የመሰለ ነገር ወገቡን ቀስቶ ይራመዳል፣ በዚህ ሰዓት ልጆቹን አንሶላው ላይ እንዳይወጡ መያዝ ነው የናንተ ሥራ። ጫፉ ላይ በጉልበታቸው ይንበርከኩ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይሁን። ግን ከመነቅነቃችሁ በፊት ቁጥቋጦው ውስጥ የንብ ወይም የተርብ ቤት እንደሌለ በደንብ እዩ፣ ይሄን በቀልድ አትውሰዱት።

የምትይዙት ትንሽ ይሁን፣ በአንድ ዕቃ አንድ ሁለት፣ በጠቅላላው ከ5 ዕቃ አይብለጥ። ንብ፣ ተርብና ፀጉራም አባጨጓሬ አይያዝም፣ የአንዳንዱ አባጨጓሬ ፀጉር ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ከባድ ነው። የተዘጋ ዕቃ ፀሐይ ላይ ለደቂቃዎች እንኳን አታስቀምጡ፣ ውስጡ ቶሎ ይግልና ነፍሳቱ ይሞታል፣ ልጆቹም እያዩ ነው የሚሞተው። የያዛችሁትን እዛው ቀን ከትምህርት ማብቂያ በፊት ወደተገኘበት ቦታ መልሱ። ሁሉም ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው ክፍል የሚገባው፣ እናንተም ጭምር።

ደረጃ 4፦ 3 እና 6

አሁን ነው ቁጥር የሚመጣው። ዕቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ልጆቹ በአጉሊ መነጽር እያዩ እግር ይቁጠሩ። ሳይነገራቸው ራሳቸው ይደርሱበታል፣ ጉንዳን 6፣ ጥንዚዛ 6፣ ፌንጣ 6። የሚሯሯጥ ነገር እግሩ ስለማይቆጠር ዕቃውን ከላይ ሳይሆን ከሥር ያሳዩዋቸው፣ ነፍሳቱ በሚያሳየው ፕላስቲክ ላይ ሲራመድ እግሮቹ ከሥር ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ከዛ የአካል ክፍሉ፣ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ። ይሄንን በፕላስቲሲን ነው የምታስተምሩት። እያንዳንዱ ልጅ 3 ድብልብል ይሠራል፣ ትንሽ ለራስ፣ መካከለኛ ለደረት፣ ትልቅ ለሆድ፣ ያያይዛቸዋል። ቀጥሎ 6 አጫጭር እንጨት ትሰጡና "እግር አድርጉለት" ትላላችሁ። እዚህ ጋር ዝም ብላችሁ እዩ፣ አብዛኛው ልጅ ሁለት ለራስ ሁለት ለደረት ሁለት ለሆድ አከፋፍሎ ይሰካል፣ ለሱ ፍትሀዊ የሚመስለው እሱ ነው። "ልክ አይደለም" አትበሉ፣ ወደ ጥንዚዛው መልሷቸውና "እግሩ ከየት ነው የሚነሳው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሄደው ያያሉ፣ ተመልሰው እንጨቱን በሙሉ ነቅለው መሀለኛው ድብልብል ላይ ይሰኩታል። ስድስቱም እግር ደረት ላይ ነው ያለው፣ ክንፍም ካለ እዛው ነው። ይሄንን ልጁ ራሱ አይቶ ካስተካከለው አይረሳውም። አንቴናውን ሁለት ቀጭን ሽቦ ወይም ክር አድርጋችሁ ራሱ ላይ ጨምሩ።

አንዴ 3 እና 6 ከገባቸው መለየት ይጀመራል። ሁለት ሳጥን አድርጉ፣ "ነፍሳት" እና "ነፍሳት ያልሆኑ"፣ ፎቶ ስጧቸውና ቆጥረው ያስቀምጡ። ሸረሪት 8 እግርና 2 የአካል ክፍል ስላላት ትወጣለች። ቀንድ አውጣ፣ የመሬት ትል፣ መቶ እግር ይወጣሉ። ቢራቢሮ፣ ዝንብ፣ በረሮ፣ ምስጥ፣ ትንኝ ይገባሉ።

አንድ ቆጣሪ ልጅ ግን መምጣቱ አይቀርም፣ አባጨጓሬውን ቆጥሮ "ቲቸር ይሄ 6 አይደለም፣ ብዙ ነው!" የሚል። ልክ ነው፣ ይመስገን። እውነተኞቹ 6 እግሮች ከፊት፣ ከራሱ ኋላ ያሉት ሾል ሾል ያሉት ናቸው፣ ከኋላ ያሉት ወፈር ወፈር ያሉ ለስላሳ ነገሮች ቅጠል ላይ ተጣብቆ ለመያዝ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው፣ ብዙ አባጨጓሬዎች ላይ እስከ 10 ይደርሳሉ፣ ቢራቢሮ ሲሆን ይጠፋሉ። ይሄን ለ3 ዓመት ልጅ መዘርዘር አያስፈልግም፣ "ከፊት ያሉትን ቁጠር" በቂ ነው፣ ለ6 ዓመት ልጅ ግን ሙሉውን ንገሩት፣ ይወደዋል።

ደረጃ 5፦ ማሳደግ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው፣ ሌላውን በሙሉ ብትዘሉት ይሄን ባትዘሉት እመርጣለሁ። ቢራቢሮ ሁሉም ሰው ይፈልጋል፣ እኔ ግን መጀመሪያ የምመክረው ሚልዎርም ነው፣ ስሙ ትል ይምሰል እንጂ የጥንዚዛ እጭ ነው። የማይበር፣ የማይናደፍ፣ ድምፅ የሌለው፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻውን ቢቆይ ምንም የማይሆን፣ ከዚህ የቀለለ የክፍል እንስሳ የለም። ለቤት እንስሳት መኖ ከሚሸጡ ሰዎች ይገኛል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ጎኑ ለስላሳ የሆነ ፕላስቲክ ሳጥን (ሸካራ ከሆነ ይወጡበታል) ውስጥ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፉርሽካ ወይም አጃ ታደርጋላችሁ፣ እሱ ምግባቸውም መኝታቸውም ነው። ውሃ በሳህን አይሰጣቸውም፣ ይሰምጣሉ፣ ፉርሽካውም ይሻግታል። ውሃ የሚያገኙት ከላይ ከምታስቀምጡት ቁራጭ ካሮት ነው፣ በየ2 ቀኑ ወይም በየ3 ቀኑ ቀይሩት፣ የመቀየሩን ሥራ ተራ አውጥታችሁ ለልጆቹ ስጡ። ካሮቱን ለመብላት ሲሰበሰቡ ጆሯችሁን ብታስጠጉ ትሰሙታላችሁ፣ ቀጭን የመፋቅ ድምፅ።

ከዛ ምን ይሆናል፣ እጩ ሲያድግ ቆዳው ስለማይለጠጥለት እየሰነጠቀ ያወልቀዋል፣ ፉርሽካው ላይ ባዶ ቆዳ ታገኛላችሁ፣ ልጆቹ ሞተ ይላሉ፣ አንሱና በብርሃን አሳይዋቸው፣ ውስጡ ባዶ ነው። አዲስ የገለፈፈው ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ነጭ ነው፣ ቀስ እያለ ነው ቡናማ የሚሆነው። ቀጥሎ ፑፓ ይሆናል፣ ነጣ ያለ፣ የታጠፈ፣ የማይበላ የማይሄድ ነገር፣ ሲነኩት ግን ጅራቱን ይወዘውዛል። ፑፓዎቹን በብሩሽ እያነሳችሁ ለብቻ ዕቃ አድርጉ፣ አለዚያ የቀሩት ሊበሏቸው ይችላሉ። እንደ ክፍሉ ሙቀት ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ጥንዚዛ ይወጣል፣ ሲወጣ ነጭ ሊባል ይችላል፣ በቀናት ውስጥ ቀይ ቡናማ ከዛ ጥቁር ይሆናል። በየቀኑ ከለሩን ወረቀት ላይ እያስቀባችሁ ብትይዙ እንዴት ያለ መዝገብ እንደሚወጣው።

ቢራቢሮውን ካላሳደግን ካላችሁ ደግሞ ይሄን ያዙ። ፀጉር የሌለው አባጨጓሬ ቅጠል ላይ ስታገኙ የተገኘበትን ተክል ለይታችሁ እወቁ፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ የሚበሉት አንድ ወይም ጥቂት ዓይነት ተክል ብቻ ነው፣ ሌላ ቅጠል ብትሰጡት ሳይበላ ይሞታል። በየቀኑ ትኩስ ቅጠል፣ በየቀኑ ኩሱን መጥረግ (ኩስ ማለት እነዛ ጥቁር ድቡልቡሎች፣ ልጆች በሳቅ የሚሞቱበት ክፍል ነው፣ ይሳቁ)። አንድ ቀን መብላት አቁሞ ግድግዳውን እየዞረ መውጣት ይጀምራል፣ አልታመመም፣ የሚንጠለጠልበት ቦታ እየፈለገ ነው፣ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ዘንበል አድርጋችሁ አስገቡለት። ከዛ በኋላ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ሳምንት ጠብቁ።

ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነው፣ ወደላይ ወጥታ ተንጠልጥላ ፈሳሽ እየገፋች ነው የምትዘረጋው፣ ለመብረር አንድ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዕቃው የምትንጠለጠልበት ክፍት ቦታ ከሌለው ክንፏ ጠማማ ሆኖ ይደርቃልና በፍጹም አትበርም። ሌላ ነገር ደግሞ፣ ከወጣች በኋላ ቀይ ወይም ቡኒ ፈሳሽ ትጥላለች። "ደማ! ቲቸር ደማ!" የሚል ጩኸት ነው የምትሰሙት፣ ሌላም የሚያለቅስ ይኖራል። ደም አይደለም፣ ፑፓ ሆና ሳለ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ "ስትወጣ ቀይ ነገር ታንጠባጥባለች፣ ማን መጀመሪያ እንደሚያይ እንይ" በሏቸው፣ ያኔ ለቅሶው ወደ ውድድር ይቀየራል። አልፎ አልፎ ከፑፓው ውስጥ ቢራቢሮ ሳይሆን ትንሽ ተርብ ወይም ዝንብ ይወጣል፣ ከውጪ በተያዙ አባጨጓሬዎች ላይ የሚያጋጥም ነው፣ ሌላዋ ነፍሳት ቀድማ እንቁላሏን ጥላበት ነበር ማለት ነው። አትደብቁት፣ "እሷም ልጆቿን የምታሳድግበት መንገድ ነው" ብሎ ማስረዳት ይቻላል።

የሐር ትልም አለ፣ የቅጠሉን ነገር ከቻላችሁ። የሚበላው የእንጆሪ ዛፍ (መልበሪ) ቅጠል ነው፣ እሱን በየቀኑ ማግኘት ካልቻላችሁ አትጀምሩ። 4 ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል፣ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ያድግና ራሱን በክር ይጠቀልላል፣ ያ ጥቅልል ሲፈታ አንድ ሳይቆረጥ የሚሄድ ብዙ መቶ ሜትር ክር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ፌንጣና በረሮ በዚህ መንገድ አያልፉም። ፑፓ የላቸውም፣ ከእንቁላል ሲወጡ ትልቁን የሚመስሉ ክንፍ የሌላቸው ትንንሾች ናቸው፣ ቆዳ እየቀየሩ ያድጋሉ። የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች ሁለቱን ዓይነት ዕድገት ጎን ለጎን በስዕል ቅደም ተከተል ማስያዝ ይችላሉ፣ ለ3 ዓመቶቹ አንዱ ብቻ ይበቃቸዋል።

ደረጃ 6፦ ጨዋታና እጅ ሥራ፣ ያዩት ላይ ተደግፎ

በጣም የምወደው ጨዋታ "ቦታው የት ነው?" የሚለው ነው። ፌንጣ ትልቅ አድርጋችሁ ሳሉና ለልጆቹ የጆሮ ስቲከር ስጡ፣ የት ይለጠፍ? ሁሉም ራሱ ላይ ይለጥፋሉ። የፌንጣ ጆሮ ሆዷ ጎን ላይ ነው። ቢራቢሮ ጣዕም የምትለየው በእግሯ ነው። የማር ንብ 5 ዓይን አላት፣ ሁለት ትልልቅ፣ ሦስት ትንንሽ አናቷ ላይ። ነፍሳት በአፍንጫ አይተነፍሱም፣ አካላቸው ጎን ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ልጆቹ ከዛ በኋላ ለአንድ ቀን ሙሉ ምሳቸውን በእግራቸው ለመቅመስ ይሞክራሉ፣ ካልሲ እንዳያወልቁ ጠብቁ።

የጉንዳን መንገድ። ጉንዳኖች በሚመላለሱበት ቦታ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፣ በአንዱ ጫፍ ጠብታ የስኳር ውሃ አድርጉ። መንገድ ይዘው መመላለስ እስኪጀምሩ ታገሱ፣ ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ጠዋት አድርጋችሁ ከሰዓት ማየት ነው። ከዛ መንገዳቸውን በመሀል በእርጥብ ሶፍት አንድ ጊዜ ጥረጉት። የሚመጡት ጉንዳኖች እዛ ጋር ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ፣ አንቴናቸውን ያወዛውዛሉ፣ ቆይቶ አንዷ ታልፍና መንገዱ ይቀጥላል። መሬት ላይ የሚጥሉት ሽታ አለ፣ ሌሎቹ እሱን እየተከተሉ ነው የሚሄዱት፣ ሶፍቱ ሽታውን ነው የወሰደው። ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ወለል ላይ የተለጠፈ ወፍራም ክር በእግሩ እየዳሰሰ ይሂድ፣ መሀሉን ቆርጣችሁ አንሱት፣ ምን እንደሚያደርግ እዩ።

የንብ ዳንስ። ምግብ ያገኘች ንብ ቀፎ ገብታ እየተወዛወዘች አቅጣጫውንና ርቀቱን ለሌሎቹ ትነግራለች፣ ይሄን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ተመራማሪ ነው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው። ለልጆች አቅልላችሁ፦ አንድ የወረቀት አበባ ክፍል ውስጥ ይደበቃል፣ የት እንዳለ የምታውቀው አንዷ ልጅ ብቻ ናት፣ መናገርም በጣት ማሳየትም አይፈቀድላትም፣ ወደ አበባው አቅጣጫ ቀጥ ብላ እየተወዛወዘች ትሄዳለች፣ ረጅም ከተወዛወዘች ሩቅ ነው፣ አጭር ከሆነ ቅርብ ነው። ሌሎቹ አይተው ይሄዳሉ። ጉልበታቸው ለተረፈ ልጆች ከምሳ በፊት በጣም ጥሩ ነው።

ለሒሳብ ደግሞ የቢራቢሮ ክንፍ አለ፣ ወረቀት ታጥፎ በአንዱ በኩል ቀለም ጠብ ተደርጎ ሲጫን የሚወጣው ግራና ቀኝ እኩል ምስል። ከማድረጋችሁ በፊት የእውነተኛ ክንፍ ፎቶ አሳይዋቸው፣ አለዚያ ቀለም መጫን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሚልዎርሙን በማስመሪያ ሳይሆን በቁልፍ ወይም በብሎክ ጎን አድርገው ይለኩት፣ "ስንት ቁልፍ ነው?"። ሦስት ጉንዳን ስንት እግር አላት? እየዘለሉ መቁጠር እዚህ ጋር ይመጣል። ፊደልም እንደዛው፣ ጉ፣ ቢ፣ ን፣ ጥ፣ ፎቶው ሥር ይጻፍና ልጁ ይከተለው።

ደረጃ 7፦ ጥያቄ አጠያየቅ

"ይሄ ምንድነው?" የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፣ የሚያውቀው ልጅ ይመልሳል፣ የቀሩት ዝም ይላሉ። "ምን እያደረገ ነው?"፣ "ትናንት ካየነው ምን ተለወጠ?"፣ "ካሮቱን ባንሰጠው ምን ይሆን ነበር?" ሲባል ግን ሁሉም የሚለው ነገር አለው። ልጁ "ማታ የት ይተኛል?" ሲላችሁ መልሱን ብታውቁም ወዲያው አትስጡት፣ "አንተስ ምን ይመስልሃል?" ብላችሁ ጻፉለት፣ ነገ ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍት ራሱ ያያል፣ ሚልዎርሞቹ ፉርሽካው ውስጥ ተቀብረው ነው የሚያገኛቸው።

አንዳንድ ነገር ደግሞ አዋቂዎችም ተሳስተው የሚያስተምሩት አለ። የቀይ ጥንዚዛዋ ነጠብጣብ ዕድሜዋን አይናገርም፣ ዓይነቷን ነው የሚለየው። ሁሉም ነፍሳት ጎጂ አይደሉም፣ ያቺው ቀይ ጥንዚዛ የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ትንንሽ ነፍሳትን እየበላች ተክል የምታድን ናት። እስካሁን ስም የተሰጣቸው የነፍሳት ዓይነቶች ብቻ 1 ሚሊዮን አካባቢ ናቸው፣ ከነዛ ውስጥ ሰውን የሚያስቸግሩት በጣም ጥቂቶቹ ናቸው፣ ይሄን ለወላጆችም ብትነግሩ አይከፋም።

ደረጃ 8፦ የሚፈራ ልጅ፣ የሚረግጥ ልጅ፣ የሞተ ነገር

የሚፈራውን ልጅ "አይዞህ ንካው" ብሎ መግፋት ፍርሃቱን ያጠነክረዋል። ሌላ ሥራ ስጡት፣ ሰዓት ያዥ ይሁን፣ በወረቀት ላይ ምልክት ይያዝ፣ ከ2 ሜትር ያህል ርቆ ይይ። ክዳኑ የተዘጋ መሆኑን ራሱ እንዲያረጋግጥ አድርጉ፣ ብዙ ልጆች ከዛ በኋላ ራሳቸው ይቀርባሉ፣ የማይቀርብም ካለ ይቅር።

ጉንዳን አይቶ ለመርገጥ የሚሮጥ ልጅ ካለ ደግሞ ክፉ ልጅ ስለሆነ አይደለም፣ የሚሮጥ ነገር ሲያይ እግሩ ነው የሚቀድመው። መቆጣት ትታችሁ የሳጥኑ ጠባቂ አድርጉት፣ ካሮት የሚቀይረው እሱ ይሁን ለሳምንት። የሚንከባከበውን ነገር ለመርገጥ ይከብደዋል።

መሞቱ አይቀርም፣ አንድ ቀን ጠዋት አንዱ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ልጆቹ ሳይመጡ ሸሽጎ መጣልና በሌላ መተካት ቀላል ይመስላል፣ ግን ይቆጥራሉ እኮ፣ ቁጥር ያስተማራችኋቸው እናንተ ናችሁ። "ሞቷል፣ ከእንግዲህ አይበላም አይንቀሳቀስም" በሉ፣ "ተኝቷል" አትበሉ፣ መኝታ የሚፈራ ልጅ ታመጣላችሁ። ከዛ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ በአጉሊ መነጽር እግሩን እስከ ጥፍሩ ማየት ይቻላል፣ ብዙ ልጆች እዚህ ጋር ነው ከሁሉም በላይ ዝርዝር የሚያዩት።

ደረጃ 9፦ ንድፊያና መልቀቅ

ንብ ከነደፈች የማር ንብ መንደፊያዋ ቆዳው ላይ ይቀራል፣ በጥፍር ይሁን በካርድ ጫፍ ዋናው ቶሎ መውጣቱ ነው፣ መርዙ መግባቱን ይቀጥላልና። ታጥቦ ቀዝቃዛ ነገር ይያዝበት። ፊቱ ወይም ከንፈሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ ካለበት ወይም ካዞረው ጥያቄ የለም፣ አለርጂ መድኃኒት ካለው ወዲያው ይሰጠውና ወደ ሐኪም ነው፣ ወላጅ እስኪደርስ አይጠበቅም።

ሲያልቅ፣ ከግቢው የያዛችሁትን ነገር በተገኘበት ቦታ ልቀቁ፣ ቢራቢሮዋን ሙቀት ባለበት ሰዓት፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ አበባ አጠገብ። ገዝታችሁ ያመጣችኋቸውን ግን በጭራሽ ውጪ አትልቀቁ፣ ሚልዎርሙ የተከማቸ እህል የሚበላ ተባይ ነው፣ የሐር ትሏ የሳት እራት ደግሞ መብረርም አትችልም፣ አድጋም ምንም አትበላም። እነሱን ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል አቆዩ፣ ወይም ለሌላ መምህር ስጡ፣ ጥንዚዛዎቹ ፉርሽካው ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፣ ፉርሽካውን ሳትደፉት ለጥቂት ሳምንት ብትጠብቁ እንደ ክር የቀጠኑ አዲስ እጮች ሲንቀሳቀሱ ታያላችሁ።